የኪራይ ቤት ፈልገን ስንለጥፍ የሚመጣልንን መልስ እንዴት እንመዝነው?

ባለፈው ክረምት የታናሽ እህቴ መሥሪያ ቤት ከሜክሲኮ ወደ ሲኤምሲ ተዛወረ። በታክሲ መመላለሱ ስላደከማት ቤት መቀየር ፈለገች። አንድ ማታ ብዙ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ገብታ እንዲህ ብላ ለጠፈች፦

«ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ኪራይ እፈልጋለሁ። ሰሚት፣ አያት ወይ እዚያው አካባቢ። እስከ 15 ሺህ እችላለሁ። ብቻዬን ነኝ፣ በጣም አስቸኳይ ነው።» ከሥሩ ስልኳን ጻፈች።

ጠዋት ስትነሳ ከሃያ በላይ መልእክት ጠበቃት። ሻይ እየጠጣን አብረን አነበብናቸው። አንዱ «ኮንዶ አለ ደውይ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። አንዱ ሦስት የሚያማምሩ ፎቶዎች ልኮ «ባለ ሁለት መኝታ፣ 9 ሺህ፣ ስምንት ሰው ጠይቆኛል፣ ቀድሞ ቀብድ ያስገባ ይወስደዋል» ይላል። ሌላዋ ረጅም ጽፋለች። ዱባይ ነው የምኖረው፣ ቤቱ ተዘግቶ ተቀምጧል፣ ከብሩ ይልቅ ቤቴን የምትጠብቅልኝ እህት ነው የምፈልገው ትላለች። የእህቴ ልብ ወደዚህች አዘነበለ።

«የቷን ልመን?» አለችኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው ጥያቄው ራሱ መስተካከል ነበረበት። ሰውን በላከው መልእክት አይቶ ማመንም መጠርጠርም አስቸጋሪ ነው። ጥሩ ሰው መጥፎ መልእክት ይጽፋል፤ አጭበርባሪም አንጀት የሚበላ ይጽፋል። መመዘን የምንችለው ሁለት ነገር ነው። የተባለው ነገር በሌላ መንገድ ሊረጋገጥ ይችላል ወይ? ብር የተጠየቅነውስ ከመረጋገጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ቤት ፈላጊ ሆኖ መለጠፍ ማስታወቂያ ከማንበብ በምን ይለያል?

«የሚከራይ ቤት» የሚል ማስታወቂያ ስታነቡ አከራዩ አስቀድሞ ተናግሯል። ሰፈሩንና ዋጋውን ጽፏል፤ እናንተን ግን አያውቃችሁም። «ቤት እፈልጋለሁ» ብላችሁ ስትለጥፉ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የተናገራችሁት እናንተ ናችሁ። ሰፈሩን፣ የመኝታውን ብዛት፣ የብሩን ጣሪያና መቸኮላችሁን አሳውቃችኋል።

ልብስ ሰፊ ጋ ተለክታችሁ ያሰፋችሁት ልብስ ልክ ቢሆንላችሁ አይገርማችሁም። ልካችሁን ሰጥታችሁታላ። የሚመጣላችሁ መልስም እንደዚያ ነው። ቤት የሌለው ሰው እንኳ ማስታወቂያችሁን መልሶ እየጻፈ በልካችሁ ቤት ሊሰፋላችሁ ይችላል። ስለዚህ «ልክ የፈለግሁት ቤት!» የሚለው ደስታ ሲመጣ፣ መግጠሙ ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ አስታውሱ።

የእህቴን ማስታወቂያ አጥፍተን እንደ አዲስ ጻፍነው። ሰፈርና የመኝታ ብዛት ይበቃል። «ብቻዬን ነኝ»፣ «አስቸኳይ»፣ «ብሩ እጄ ላይ ነው» የሚሉት ቃላት ለእውነተኛ አከራይ ብዙም አይጠቅሙትም። ሌላ ዓይነት ሰው ግን ይጠራሉ። ስልኳንም አወጣነው። በቴሌግራም ስልክ ቁጥርን ከማያውቁት ሰው ደብቆ በዩዘርኔም ብቻ መነጋገር ይቻላል።

ከዚያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ላክን። «ውሃ በየትኛው ቀን ነው የሚመጣው? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? ስንተኛ ፎቅ ነው?» አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ቀኑን በቃሉ ይዞታል፤ ጀሪካን ሲሞላበት ያደረበት ቀን ነዋ። ፎቶ ብቻ የያዘ ሰው «ውሃ ሁሌም አለ» ይላል፤ ወይ ጥያቄውን ዘሎ ስለ ቀብድ ያወራል። ባለ 9 ሺሁ ሰውዬ «እሱን ስትገቢ ታይዋለሽ» አለ። አንድ ደላላ ግን «ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት፣ ሮቶም አለው» ብሎ መለሰ። ሃያ ምናምኑ መልእክት በዚህ ጥያቄ ብቻ ወደ ስድስት ወረደ።

መልሱን የሚልክልን ማን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ሰዎች አንዱ ነው፦ ባለቤቱ፣ የባለቤቱ ወኪል፣ ደላላ፣ ወይም ቤቱን ተከራይቶ የሚኖርበት ሰው። አጭበርባሪ የሚመጣው ከአራቱ የአንዱን ልብስ ለብሶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «አንተ ለቤቱ ምኑ ነህ?» የሚል መሆን አለበት። በትህትና ጠይቁ፤ ግን ጠይቁ። መልሱ ሲቀያየር ማየት ብዙ ያስተምራል። ጠዋት ባለቤት የነበረ ሰው ከሰዓት «የአክስቴ ቤት ነው» ካለ ልብ በሉ።

ስለ ደላላ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ደላላና አጭበርባሪን አንድ አድርጎ ስለሚያይ። የአዲስ አበባ የኪራይ ገበያ በደላላ ነው የሚንቀሳቀሰው። አከራዩ ለአንድ ደላላ ይነግራል፤ እሱ ለሁለት ባልደረቦቹ ያስተላልፋል፤ እነሱም ግሩፕ ላይ ይለጥፉታል። ለዚህ ነው አንድ ፎቶ በሦስት ሰው፣ በሦስት ዋጋ የሚመጣላችሁ። ይህ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ ሰንሰለቱ መርዘሙን ነው የሚነግራችሁ። እንዲያ ሲሆን «ከባለቤቱ ጋር በቀጥታ የምትገናኘው አንተ ነህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ እውነቱን ይነግሯችኋል። ኮሚሽኑን በተመለከተ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ። የድካሙ ዋጋ ውሉ ሲፈረም የሚከፈል ነው። «የመመዝገቢያ» ወይም «የማሳያ» ተብሎ አስቀድሞ የሚጠየቅ ብር ግን ቤቱ ባይኖርም የሚያተርፍ ብር ነው። ከመቶ ፈላጊ ሁለት ሁለት መቶ ብር የሰበሰበ ሰው አንድም ቤት ማሳየት አያስፈልገውም።

ተከራይቶ የሚያከራየው ሰው የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ልወጣ ስለሆነ አንቺ ግቢበት፣ የቀረውን ወር ለእኔ ክፈይ» የሚል መልስ ከልቡ ሊሆን ይችላል። ግን አከራዩ ሳያውቅ ከገባችሁ፣ ነገ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው እናንተን አያውቃችሁም። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ቤቱ የመንግሥት ነው፤ የሚኖርበት ሰው ራሱ ተከራይ ነው። ለሌላ ሰው አሳልፎ ማከራየት አይፈቀድለትም።

አንድ መልስ ውስጥ ስንት ነገር አለ?

የገጠር ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው አስቡ። መጀመሪያ በሬውን ራሱን ያያል፤ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ያስኬደዋል። በዚያ አያበቃም። «በሬው የማን ነው?» ብሎ ዋስ ይጠራል፤ የተሰረቀ ከሆነ ነገ ባለቤቱ መጥቶ ይነዳበታልና። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የሚነጋገረው። አያቶቻችን ለአንድ በሬ ይህን ያህል ይጠነቀቁ ነበር።

«ቤት አለኝ» የሚለው መልስም ሦስት ነገር አንድ ላይ ይዟል። ቤቱ አለ። የማከራየት መብት አለኝ። በዚህ በዚህ ስምምነት አከራይሃለሁ። ሦስቱ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነው የሚረጋገጡት። የአጭበርባሪው ሙያ አንዱን አሳይቶ ሁለቱን ማስረሳት ነው። ቆንጆ ቤት ያሳያችኋል፤ እናንተም በቤቱ ደስ ብሏችሁ መብቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ትረሳላችሁ።

ቤቱ በእርግጥ መኖሩን እንዴት አውቃለሁ?

በአካል፣ በቀን ብርሃን፣ ውስጡ ገብታችሁ በማየት። ፎቶ ቤት አይደለም። ፎቶውን በጉግል የምስል ፍለጋ ብታስገቡት ሌላ ከተማ ካለ ሆቴል የተወሰደ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፎቶው ላይ ያለው መስኮት፣ ወለልና የኩሽና ካቢኔ በቦታው ካያችሁት ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎክና የቤት ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥሩን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። «ስትደርሺ ደውይ፣ አሳይሻለሁ» ብቻ የሚል ሰው ቁጥሩን የሚደብቅበት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዳንድ ደላላ ግን በቀጥታ ከባለቤቱ ጋር እንዳትገናኙበት ብሎም ይደብቃል። ያንን የምትለዩት ቦታው ስትደርሱ ነው።

ስትሄዱ ጎረቤት አነጋግሩ። ዘበኛውን፣ ታች ያለውን ሱቅ፣ ከተቻለም የብሎኩን ኮሚቴ። «እዚህ ቤት ማን ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ እኛ ዘንድ ነውር አይደለም። ለብዙ ወረቀት የማይገኝ መልስ ከአንዲት ጀበና ቡና ሻጭ ሊገኝ ይችላል።

ቁልፍ ይዞ በሩን ከከፈተ ባለቤቱ አይደለም እንዴ?

ይህ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ቁልፍ በር መክፈት እንደሚቻል ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ቁልፍ ዘበኛ ጋ አለ፣ ቀለም ቀቢ ጋ አለ፣ የወጣ ተከራይ ጋ አለ። አንድ ሰው በቀን ሒሳብ የሚከራይ አፓርታማ ለሦስት ቀን ይዞ፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት ለአምስት ቤት ፈላጊ ሊያሳይና ከአምስቱም ቀብድ ሊቀበል ይችላል። ቤቱ እውነት ነው፣ ቁልፉ እውነት ነው፣ ሰውየው ሻይ ሁሉ ያፈላላችኋል። የሌለው ነገር መብቱ ብቻ ነው።

መብትን የሚያሳየው ወረቀት ነው። ለግል ግቢ ካርታ የምንለው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ለኮንዶሚኒየም ትንሽ ይለያል። የ20/80 ቤት የደረሰው ሰው 20 በመቶውን ቀድሞ ከፍሎ፣ 80 በመቶውን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በወሰደው ብድር ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ካርታው እጁ ላይ ላይኖር ይችላል። ያ ሲሆን ቤቱን የተረከበበትን ውልና የባንኩን ወረቀት ማሳየት ይችላል። የመብራት ወይም የውሃ ደረሰኝ ብቻውን በቂ ባይሆንም ጥሩ ማገናዘቢያ ነው።

ወረቀቱን ከያዛችሁ በኋላ የምትሠሩት ሥራ ቀላል ነው፤ ስም ማስተያየት። ካርታው ወይም ውሉ ላይ ያለው ስም፣ መታወቂያው ላይ ያለው ስም፣ ብር የምታስገቡበት የባንክ ሒሳብ ስም። ሦስቱ አንድ ከሆኑ ትልቁን እርምጃ ሄዳችኋል። በንግድ ባንክ መተግበሪያም ሆነ በቴሌብር፣ ብሩ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ስክሪኑ ላይ ይመጣል። እዚያ ላይ ቆም በሉ። «የእኔ ሒሳብ ችግር አለበት፣ በጓደኛዬ አስገቢው» የሚለው አነጋገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። እውነተኛ ምክንያት ያለው አከራይ እስኪስተካከል ይጠብቃል።

ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሆኖ በወኪል የሚያከራይ ከሆነ የውክልና ሰነዱን ጠይቁ። ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት የሚረጋገጥ ሰነድ ነው። ከውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ያልፋል። ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን የሚጠቅስ መሆኑን አንብቡ። ቀኑንም እዩ፤ ውክልና ሊሻር ይችላል፣ ወካዩ ሲሞትም ያበቃል። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት በቪዲዮ መነጋገር ከወረቀቱ ጎን የሚሄድ እንጂ የሚተርፍ ነገር አይደለም።

የዱባይዋን ሴት በዚህ ለካናት። እህቴ በአክብሮት «እዚህ ወኪልሽ ማን ነው? ውክልናውን ላየው እችላለሁ? ቤቱንስ የሚያሳየኝ አለ?» ብላ ጻፈችላት። ዱባይ የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ፤ ውክልና መስጠት ያን ያህል ሩቅ ነገር አይደለም። መልሱ «ቁልፉን በፖስታ ልክልሻለሁ፣ መጀመሪያ የአንድ ወር አስገቢና ላምንሽ» የሚል ነበር። እህቴ ስልኩን አስቀመጠችው። ከገንዘቡ ይልቅ «እህት» የሚለው ቃል ነው ያሳዘናት።

ቀብድ፣ ቅድሚያ ክፍያና ማስያዣ አንድ ናቸው?

በአፍ ሁሉንም «ቀብድ» እንላቸዋለን። ግን የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱም ብር ያድናል።

ቀብድ ውል መደረጉን ለማሳየት የሚሰጥ ገንዘብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ይደነግገዋል። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ቢቀይር የሰጠው ይቀርበታል። ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አስተውሉ፤ ቀብድ ውልን ተከትሎ የሚመጣ ነገር ነው። «መጀመሪያ ቀብድ አስገቢ፣ ከዚያ ቤቱን ታያለሽ» የሚለው መልእክት ገና ያልተደረገ ውል ማረጋገጫ እየጠየቀ ነው።

ቅድሚያ ክፍያ ሌላ ነው፤ የሚመጡትን ወራት ኪራይ ቀድሞ መክፈል ነው፣ ከኪራዩ ላይ ይታሰባል። ማስያዣ ወይም ዲፖዚት ደግሞ የተበላሸ ዕቃ ወይም ያልተከፈለ ሒሳብ ቢኖር ተብሎ የሚቀመጥ፣ ስትወጡ የሚመለስ ገንዘብ ነው። የምትሰጡት ብር ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ውሉ ላይ በስሙ ይጻፍ። ያልተሰየመ ብር ለመመለስ ያስቸግራል።

ሕጉ ለመመዘን ይረዳኛል?

አዎ፣ በጣም። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ለአንድ ቤት ፈላጊ ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች እነዚህ ናቸው። የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ውሉም በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል። ጭማሪ ደግሞ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው።

እነዚህን ነጥቦች እንደ ወንፊት ተጠቀሙባቸው። አንድ ሰው መልስ ሲልክላችሁ «ውሉን ወረዳ አብረን እናስመዘግባለን አይደል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ዓይነት እምቢታ ይገጥማችኋል፤ መለየቱ ጠቃሚ ነው። አንዱ ግብር የሚፈራ ወይም በቀድሞው ልማድ የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ እውነተኛ አከራይ ነው። ከሕጉ ውጭ ነው፣ ግን ቤት አለው፤ ልትከራከሩት ትችላላችሁ። ሌላው ወረዳ የሚባል ነገር ሲነሳ የሚጠፋ ሰው ነው። መዝገብ ፊት ስሙና ቤቱ አብረው መቅረብ ስላለባቸው ነው የሚጠፋው።

በባንክ የመክፈሉ ግዴታም ተከራዩን ይጠቅማል። በእጅ የሰጣችሁት ብር ምስክር የለውም። በባንክ የላካችሁት ቀን፣ መጠንና የተቀባይ ስም ይዞ ይቀመጣል። ምክንያቱንም «የሐምሌ ወር ኪራይ» ብላችሁ ጻፉበት።

ከቤቱ ሌላ ምን ሊወስዱብኝ ይችላሉ?

ብዙ ሰው የሚፈራው ለቀብዱ ነው። አንዳንዱ መላሽ ግን ቀብድ ጭራሽ አይጠይቅም። የሚፈልገው አካውንታችሁን ነው። «የቤቶች ዝርዝር የምንልክበት ቻናል ላይ ላስመዝግብሽ፣ ስልክሽ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ላኪልኝ» ይላል። ያ ቁጥር የቴሌግራማችሁ መግቢያ ኮድ ነው። ከሰጣችሁት በእናንተ ስም ገብቶ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ «ብር ቸግሮኛል» እያለ ይጽፋል። የዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ኮድ ለማንም አለመስጠት፣ እና ቴሌግራም ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማብራት። የቴሌብር ወይም የባንክ ሚስጥር ቁጥርም እንዲሁ ነው። ብር ለመቀበልም ሆነ ቤት ለመከራየት ማንም የእናንተን ሚስጥር ቁጥር አያስፈልገውም።

መታወቂያስ? ለውል ያስፈልጋል። ግን የሚያስፈልገው ቤቱን አይታችሁ ለመፈረም ስትቀመጡ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን «የፋይዳሽን ፎቶ በሁለቱም በኩል ላኪ» ለሚል ሰው ምንም ዕዳ የለባችሁም። ኮፒ ስትሰጡም ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው፤ የተበተነን የመታወቂያ ፎቶ መሰብሰብ ግን ለማንም ከባድ ነው።

ቤቱን ለማየት ስሄድስ?

ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ በተለይ ሴቶች። ሁለት ሰው አራት ዓይን አለው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ግድግዳውን ያያል። በቀን ሂዱ። ቦታውን ስልካችሁ ላይ ለአንድ ዘመድ አጋሩ። የምትገናኙት ሰው በሚበዛበት ዋና መንገድ ወይም የኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ይሁን። «መኪና ይዣለሁ፣ ካለሽበት ልውሰድሽ» ሲባል «እዚያው እንገናኝ» በሉ። ብር ይዛችሁ አትሂዱ። ብር ሳይኖር ቀብድ ክፈሉ የሚል ጫና አይሠራም። «ብቻሽን ነሽ? ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው? እጮኛ አለሽ?» የሚል አከራይ ደግሞ ቤቱ ምንም ቢያምር ይቅር። ቤቱ እውነተኛ፣ ካርታውም ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። አንዲት ሴት ቁልፉ እንዲህ ባለ ሰው እጅም እንዳለ እያወቀች የምትተኛበት ቤት ግን ደህንነት የለውም።

እህቴ በመጨረሻ የያዘችው «ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት» ያለው ደላላ ያሳያትን ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ውሉን ሲፈርሙ ስማቸውን ከመታወቂያቸው ጋር ስታስተያይ አፍራ ነበር። እሳቸው ግን «እይ ልጄ፣ እኔም የአንቺን አያለሁ» አሏት።

ውጭ አገር ሆኜ ለቤተሰብ ቤት ብፈልግስ?

እዚህ ያለው ችግር ርቀቱ ራሱ ነው፤ ዓይናችሁ የሌላ ሰው ዓይን ነው። ስለዚህ ብር የሚከፍለውና ቤቱን የሚያየው ሰው ይለያዩ። ቤቱን አንድ ዘመድ አይቶ ጎረቤት ያነጋግር፤ ወረቀቱን ደግሞ እናንተ ስም አስተያዩ። ብሩን ለደላላው ሳይሆን በቀጥታ ባለቤቱ ሒሳብ ላይ አስገቡ።

ራሳችሁ አሜሪካ ቤት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ተረቱ ያው ነው፤ ዱባይ የነበረችው ባለቤት እዚያ «ለሥራ ሌላ አገር ሄጃለሁ» የሚል ሰው ትሆናለች። የእውነተኛ ማስታወቂያ ፎቶ ይገለበጥና በግማሽ ዋጋ ይለጠፋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትፈልጉ አንድ ጥሩ ነገር አለ። በሜሪላንድ የንብረት መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ አድራሻውን ስታስገቡ የባለቤቱ ስም ይወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ አከራይ ፈቃድ ማውጣትም ይጠበቅበታል፤ እሱንም መፈተሽ ይቻላል። በዜል፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት አገልግሎት፣ የላካችሁት ብር ወዲያው ነው የሚደርሰው፤ ማስመለሱ ግን በጣም ይከብዳል።

ብሩ ከሄደ በኋላ ነው የነቃሁት። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አትደንግጡ፤ ማፈርም አይገባም። እፍረት ነው ብዙ ሰው ዝም የሚያሰኘው። ዝም ባላችሁ ቁጥር ብሩ ይርቃል።

ወዲያው ለባንኩ ደውሉ፤ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127። ብሩ ገና ካልወጣ ሊደረግ የሚችል ነገር ካለ የሚደረገው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አመልክቱ። አታሎ ገንዘብ መውሰድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በኮምፒውተር ወይም በስልክ መረብ ሲፈጸም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ። «ብሩን ለማስመለስ ትንሽ የአገልግሎት ክፈል» ብሎ የሚደውል ሰው ከመጣ፣ ያው ሰው ወይ የእሱ ጓደኛ ነው። ሁለተኛ አትክፈሉ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ሰውየው ጋ «ሌባ!» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ንግግራችሁን ስክሪንሾት አንሱ። በቴሌግራም አንደኛው ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ዩዘርኔሙንም በአንድ ደቂቃ ይቀይራል። እንደነቃችሁ ካወቀ ያጠፋዋል። ስሙን፣ ዩዘርኔሙን፣ ስልኩን፣ የላካቸውን ፎቶዎች፣ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አንስታችሁ ለአንድ የምታምኑት ሰው አስተላልፉ። ፖሊስ ጣቢያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።